የደመኛ ቃል

መምህር ዘውዱ እጁ ክፉ ነበር። መርሳ ከተማ እንግሊዝኛ ሲያስተምር የስፌት መኪናዬን የዘረጋሁት ከክፍሉ መስኮት ፊት ለፊት ስለነበር፣ ስንቱን ልጅ እንደገረፈ እኔ ምስክር ነኝ። በተለይ ሌላ ሰው የተናገረውን መልሶ የማውራት ትምህርት ሲደርስ አርጩሜው እረፍት አያውቅም። አንዱን ያስነሳና በእንግሊዝኛ «አሞኛል» ያሰኘዋል። ወደ ሌላው ዞሮ «ምን አለ?» ይላል። ልጁ «ሂ ሴድ ዛት» ብሎ ጀምሮ፣ «እኔ» የተባለውን «እሱ» አድርጎ፣ ጊዜውን ወደ ኋላ መልሶ ማውራት አለበት። ይህን የሳተውን ቸብ አድርጎ ያልፈዋል። ከተነገረው ላይ የቀነሰውን ግን እስኪደማ ነው የሚገርፈው።

«እኔን ለውጥ፣ ጊዜውን ለውጥ፣ ነገሩን ግን እንዳትነካ! የሰው ቃል አደራ ነው!» እያለ ይጮኻል። አንድ ቀን አንዱን ልጅ በጥፊ ብሎት ጆሮውን ደም በደም አደረገው። ገብቼ ላንቀው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን በጃንሆይ ዘመን መምህርን ማን ደፍሮ ይናገራል? መቀሴን ይዤ ተመልሼ ተቀመጥኩ።

ሚስቱ ታደለች የዋህ ሴት ነበረች። እናት አባቷ ሞተው፣ በዚህ ዓለም ሥጋዬ የምትለው ወንድሟን በላይን ብቻ ነው። በላይ በመስኖ ውሃ ጠብ የጎረቤት ገበሬውን የወልዴን ታላቅ ወንድም በአካፋ ፈልጦ ገድሏል። ለዚህም ወልድያ ወህኒ ቤት ታስሮ ፍርዱን ጨርሶ ወጣ። መንግሥት ፈታው፣ ደም ግን አልፈታውም። ወልዴ ምንሽሩን ወልውሎ እንደሚጠብቀው የሀብሩ ወረዳ ሰው ሁሉ ያውቃል።

ታደለች ሄዳ ከሼህ አብዱልሐሊም እግር ወደቀች። በእኛ አገር የክርስቲያኑንም የእስላሙንም ደም የሚያደርቁት አበጋር ናቸው፤ ሼሁም አበጋር ነበሩ። ሁለቱ ደመኞች ከዕርቁ ቀን በፊት ዓይን ለዓይን አይተያዩም፤ ቃላቸውን የሚያመላልሰው መካከለኛ ሰው ነው። ሼሁ ዘውዱን መረጡት። የበላይ አማች ነው፤ የወልዴንም ልጆች ያስተምራል።

«ልጄ ዘውዱ» አሉት፣ «የደመኛን ቃል እንዳለ ተሸክመው አይሄዱም። ቁጣውንና ስድቡን መንገድ ላይ ጥለህ መልካሙን አድርስ።»

«ሼሁ፣ አንቱ የሚሉኝ እኮ መዋሸት ነው» አለ ዘውዱ።

«ወላሂ፣ ሰው ከሚሞት እሾሁን ብትነቅልለት አላህ አይቆጣህም።»

እውነቱን ለመናገር በእኛ አገር ስንቱ ደም የደረቀው በዚሁ ነው። ዘውዱም እሺ ብሎ ወልዴ ቤት ሄደ።

ወልዴ በሩ ላይ ቆሞ ተቀበለው። «ለሼሁ ስል እታረቃለሁ፣ በለው» አለ። «ነገር ግን ከዕርቁ በፊት መርሳ ገበያ ላይ ባየው አንጎሉን እበትነዋለሁ። እናቴ የወንድሜን የደም ልብስ ገና አላጠበችም። ያን ፊት አይቼ መቻል አልችልም። ይህን ንገረው፣ መምህር።»

ዘውዱ ከዚያ በቀጥታ በላይ ዘንድ ሄደ።

«አያ ዘውዱ፣ ምን አለ?»

«ለዕርቁ እመጣለሁ አለ።»

«ሌላስ?»

«ሌላ ምን ይላል? ተደሰት።»

ይኸው ነው። ለአንዲት ቃል የልጅ ጆሮ የሚያደማው ሰው፣ የገዛ አማቹን ሕይወት የያዘውን ቃል እሾህ ነው ብሎ መንገድ ላይ ጣለው። እስከ ዛሬ ሳስበው ያንገበግበኛል።

በላይ ደስታው ልክ አጣ። ለዕርቁ የሚታረደውን ወይፈን ሌላ ሰው ይግዛልህ ቢባል፣ «ወልዴ ልቡ ከራራ ምን ያስፈራኛል? ራሴ መርጬ ነው የማርድለት» ብሎ ገበያ ወጣ። እኔም ከከብት ተራው አጠገብ ነበርኩ። በላይ የወይፈኑን ሻኛ እየዳሰሰ ሳለ ወልዴ ከሰው መሃል ብቅ አለ። ምንሽሩን ደገነ። የመጀመሪያው ጥይት በላይን አገጩን ወሰደው። ወድቆ በሁለት እጁ ፊቱን ሲፈልግ፣ ወልዴ ጠጋ ብሎ ሁለተኛውን ግንባሩ ላይ ለቀቀበት። ወይፈኑ ደንብሮ ገመዱን በጥሶ ሬሳው ላይ ሄደበት። ነጭ ለባሾች የሚባሉት የአገር ጠባቂዎች ወልዴን ጠልፈው ጥለው በሰደፍ ጥርሱን አረገፉት። ታደለች ስትደርስ የወንድሟን ፊት ልትስም ፈለገች፤ የሚሳም ፊት አልነበረም።

ለቅሶው ሲበርድ፣ ኋላ ራሷ እንደነገረችኝ፣ ባሏን ጠየቀችው። «ወልዴ ዘንድ ስትሄድ የዛተው ነገር አልነበረም?»

«አልነበረም» አላት።

ወልዴም ወልድያ ፍርድ ቤት ቀርቦ፣ «አስቤበት አይደለም፤ ድንገት ሳየው ደሜ ፈላ» አለ። እንዲያ ከሆነ ጥቂት ታስሮ ይወጣል። ዛቻውን የሚያውቀው ዘውዱ ብቻ ነበር፤ ቃል አመላላሹ እሱ ነበርና ለምስክርነት ተጠራ። ቢናገር ሚስቱን ያጣል፤ ቢደብቅ የአማቹ ደም በከንቱ ይቀራል። በእነዚያ ሳምንታት ሰውነቱ አልቆ ኮቱን ሁለት ጊዜ አጠበብኩለት፣ አላዘንኩለትም።

የምስክርነቱ ቀን ብዙዎቻችን በጭነት መኪና ተሳፍረን ወልድያ ሄድን። ዘውዱ ወንጌል ይዞ ማለ።

«ተከሳሹ የነገረህን በቃሉ ተናገር» አሉት ዳኛው።

ዘውዱ መጀመሪያ ታደለችን አየ። ከዚያ ሁሉንም ተናገረ፤ ገበያውን፣ አንጎሉን፣ የደም ልብሱን፣ «ይህን ንገረው» የተባለውን ጭምር። አንዲት ቃል አላጎደለም። ወልዴ ቀና ብሎ አላየውም።

ዳኛው ብዕራቸውን አስቀመጡ። «ለሟች ነገርከው?»

«አልነገርኩትም።»

በወልዴ ላይ ሞት ተፈረደ። ዘውዱ ከችሎት ሲወጣ ታደለች ደጃፉ ላይ ጠበቀችው። ድንጋይ አንስታ ግንባሩን አለችው። ደሙ በዓይኑ ላይ ሲወርድ እንኳ አልከለከላትም። ደገመችው። በጉልበቱ ተንበረከከ። ለሦስተኛው ስታነሳ እጇን ያዝኳት፤ ከእኔ ጉልበት የእሷ ይበልጥ ነበር።

«ወልዴስ ደመኛዬ ነው» አለችው። «እሱ እንኳ አስጠንቅቆ ነው የገደለው። አንተ ምኔ ነህ?»