እርጥብ ባህር ዛፍ

«የኔ እህት፣ አትቀየሚኝ፤ ጭስ ጭስ ትሸቻለሽ። ሽታው ቀሚሶቼ ላይ ይቀራል።»

ሆሳዕና ውስጥ በሻጭነት ልቀጠር የሄድኩባት ባለሱቅ ናት እንዲህ ያለችኝ። ፊቴ ጋለ። ዝም ማለት አልችልበትም።

«ክረምት ነው፤ እንጨቱ እርጥብ ነው» አልኳት። «እሳቱ ጉልበቱን ውሃውን በማድረቅ ይጨርሳል። ጭስ ማለት እኮ በደንብ ሳይነድ ያመለጠ እንጨት ነው። ተምሬዋለሁ።»

«እኔ የፈለግኩት ሻጭ፣ የመጣችልኝ አስተማሪ!» ብላ ሳቀች።

ቁርስ ሳልበላ ከቀያችን ከዳምቦያ እንዳልወጣ ብላ፣ ያን እርጥብ ባህር ዛፍ እፍ ስትል ያነጋችው እናቴ አብራኝ መጥታ የሱቁ በር ጋ ቆማ ትጠብቀኝ ነበር። ሁሉንም ሰምታለች። የነጠላዋን ጫፍ ቀስ ብላ ወደ አፍንጫዋ አስጠግታ አሸተተችው። ያኔ መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ ብዬ ተመኘሁ።

እጇን ይዤ ወጣሁ።