እናቴና የፖታሲየም ኤሌክትሮን

ዛሬ ከሥራ ስመለስ ታክሲ ውስጥ አጠገቤ የተቀመጠችው ሴት የጥጥ ብናኝና የማሽን ዘይት ትሸት ነበር። የእናቴ ሽታ ነው።

እናቴ አቃቂ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ እየሠራች የማታ ትምህርት ትማር ነበር። አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ብትጨርስ ከማሽኑ አንስተው ቢሮ ሊያስገቧት አለቆቿ ቃል ገብተውላት ነበር። እኔም ያኔ እንደሷው አሥራ አንደኛ ክፍል ስለነበርኩ ለኬሚስትሪ ፈተናዋ አብረን እናጠና ነበር።

አንድ እሁድ ከሰዓት የፖታሲየምን ኤሌክትሮኖች በየኦርቢታሉ፣ በየማደሪያ ክፍላቸው ማለት ነው፣ ስንሞላ፣ የመጨረሻው ላይ ስትደርስ እርሳሷን አስቀመጠች።

«ስሪ ዲ ባዶ እያለ ይሄ ለምን ዘሎ ፎር ኤስ ይገባል?»

«የፎር ኤስ ኢነርጂ ዝቅ ስለሚል ነዋ፣ እማዬ።»

«እሱንማ መምህሩም ብሎናል። ለምንድን ነው ዝቅ ያለው?»

ደብተሬን ማገላበጥ ጀመርኩ። እኔም ሸምድጄው ነው።

«አንቺም ደክሞሻል» አለች፣ ያበጡ እግሮቿን እያሸች። «ተይው፣ እንዲሁ እንያዘው።» ወዲያው እዚያው ቁጭ እንዳለች እንቅልፍ ወሰዳት።

ኬሚስትሪውን አለፈች። በሚቀጥለው ዓመት ግን ለአሥራ ሁለተኛ ክፍል ሳትመዘገብ ቀረች፤ ጡረታ እስክትወጣም ከዚያ ማሽን አልተነሳችም። ትምህርቱን ለምን እንደተወችው እስከ ዛሬ አልጠየቅኋትም። ቅዳሜ ቅዳሜ ቤቷ ስሄድ ስለ ጉልበቷ ሕመምና ስለ ውሃ መጥፋት እናወራለን፤ ከዚያ ሁለታችንም ቴሌቪዥኑ ፊት እናንቀላፋለን።