ቀዛፊው ያላስታወሰው ቀን

ረጋሳ በወንጪ ሐይቅ ላይ ሃያ ዓመት ታንኳ ቀዝፏል። ጠጪነቱን የማያውቅ አልነበረም፤ ግን «ረጋሳ ሰክሮም ቢሆን ሐይቁን ያውቀዋል» ይሉ ስለነበር የሚከለክለው አላገኘም። በ1997 ዓ.ም. ግንቦት፣ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ፣ ታንኳው ተገለበጠ። የተሳፈረው አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ ፊራኦል የሚባል፣ አስተማሪ ለመሆን አንድ ዓመት የቀረው የአምቦ ልጅ። ረጋሳን መቅዘፊያውን እንዳቀፈ ዳር ላይ አገኙት። የፊራኦል አስከሬን የወጣው በሦስተኛው ቀን ነው።

ሲጠይቁት «ነፋስ ነው» አለ። ሆን ብሎ አልዋሸም። ከጠዋቱ አረቄ በኋላ የሆነው ሁሉ ከአእምሮው ጠፍቶ ነበርና ሰዎች ያሉትን ደገመ።

ከዚያ ወዲያ ሐይቁን ማየት አቃተው። ወደ ግንጪ ሄዶ ከጭልሞ ደን አጠገብ አንድ ችግኝ ጣቢያ ውሃ አጠጪ ሆነ። ሥራው ደህና ነበር፤ ክፉው ውሃው ነው። ባልዲውን በርሜል ውስጥ በነከረ ቁጥር አንድ ሰው ከታች ሆኖ የሚይዝበት ይመስለዋል። ያን ጊዜ ከኪሱ ጠርሙሱን ያወጣል።

ሦስት ዓመት እንዲህ አለፈ። አንድ ረፋድ ላይ ጥቁር ሻሽ ያሰረች ሴት ችግኞቹ መሀል ቆማ አያት።

«ኦቦ ረጋሳ እርስዎ ነዎት?»

«ነኝ። ማን ልበል?»

«አስካለች እባላለሁ። የፊራኦል እህት ነኝ።»

መሮጥ አማረው፤ ግን ባልዲውን መሬት ላይ አስቀመጠ።

«ልጣላዎት አልመጣሁም» አለችው። «ልብስ ሰፊ ነኝ። እሱ ከሞተ በኋላ እኔም መጠጥ ጀመርኩ። የሙሽራ ቀሚስ ሰክሬ ቆርጬ አበላሽቻለሁ። አሁን ካቆምኩ ስምንት ወሬ ነው። አምቦ ውስጥ ቅዳሜ ቅዳሜ የምንሰበሰብበት ቦታ አለ። ይምጡ።»

«ይቅር ብለሽኝ ነው?»

«አይደለም። ወንድሜ በመጨረሻው ሰዓት ምን እንዳለ ከእርስዎ በቀር የሚያውቅ የለም። አእምሮዎ ሲጠራ ምናልባት ያስታውሱ ይሆናል።»

በመጀመሪያው ቅዳሜ እስከ ግቢው በር ደርሶ ተመለሰ። ከውስጥ የሰው ሳቅ ሰምቶ ነበር፤ እንዲህ ያለ ቦታ ይሳቃል ብሎ አልጠበቀም። በሁለተኛው ቅዳሜም ከበሩ ተመልሶ መናኸሪያው አጠገብ ጠጣ። በሦስተኛው ገባ። ከአንድ ጸሎት ቤት ጀርባ ያለች፣ ሕፃናት መዝሙር የሚማሩባት ክፍል ነበረች፤ ትልልቆቹ ሰዎች ዝቅተኛ አግዳሚ ላይ ጉልበታቸውን አቅፈው ተቀምጠዋል። የሚመራው ሚልኪያስ የሚባል፣ መጠጥ ከማስተማር ሥራው ያስወጣው ሰው ነው።

«እዚህ ማንም ማንንም አይገሥጽም» አለው፣ አማርኛውን ከኦሮምኛ እያቀላቀለ። «ዛሬ ስምህን ብቻ ብትነግረን ይበቃል።»

ስሙን ተናገረ። አስካለች ፊት ለፊቱ ተቀምጣ ነበር። ዓይኗን ከአፉ ላይ አልነቀለችም።

የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ከበዱት፤ አንድ ቀን ሰውነቱ ሲንቀጠቀጥ ሚልኪያስ ደግፎ ጤና ጣቢያ ወሰደው። ቀስ በቀስ ግን እንቅልፍ መጣ፣ ምግብ ጣመው። አስካለች ከስብሰባው በኋላ በሩ ላይ ትጠብቀዋለች።

«መጣልዎት?»

«አልመጣም።»

አንዳንዴ ቁራጭ ነገር ይመጣበታል፤ የረጠበ ሹራብ ሽታ፣ የተሰነጠቀ ጥፍር። ረጋሳ ከመጠጡ ይልቅ አለመጠጣቱን መፍራት ጀመረ።

በአምስተኛው ወር፣ ችግኝ እያጠጣ ሳለ፣ ሁሉም ነገር አንድ ላይ መጣ። እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጦ ዋለ። በተከታዮቹ ሁለት ቅዳሜዎች «አልመጣም» ብሎ አለፋት። በሦስተኛው ግን ስብሰባው መሀል ተነሥቶ ቆመ።

«ነፋስ አልነበረም» አለ። «ልጁ ‹ኦቦ ረጋሳ፣ ጠጥተዋል፤ እኔ ልቅዘፍ› ብሎ መቅዘፊያውን ያዘ። ተናደድኩ። ስንጓተት ተገለበጥን። ውሃው ውስጥ አንዱን ጫፍ እሱ፣ ሌላውን እኔ ይዘን ነበር። ወደ ታች ይስበኝ ጀመር። ‹አትልቀቀኝ› አለኝ። መቅዘፊያውን ከእጁ መነጨቅሁት።»



«እኔን አልጠራም?» አለች አስካለች።

«አልጠራሽም። የጠራው እኔን ነው።»

ቦርሳዋን አንሥታ ወጣች። የተከተላት የለም።

ረጋሳ ሰኞ ጠዋት ፖሊስ ጣቢያ ሄዶ ያንኑ ቃል ሰጠ። ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ፈረደበት። ሚልኪያስ እየመጣ ይጠይቀው ነበር፤ ስለ አስካለች ግን ረጋሳ አልጠየቀም፣ እሱም አላነሣም።

በ2003 ዓ.ም. ሲፈታ በመጀመሪያው ቅዳሜ ወደዚያች ክፍል ሄደ። አስካለች እዚያው ነበረች፤ ዳግመኛ አልጠጣችም። ድሮ የሚቀመጥበት፣ ፊት ለፊቷ ያለው ቦታ ላይ ሊቀመጥ ሲል ጠራችው። እስከዚያ ቀን «እርስዎ» ስትለው ነው የኖረችው።

«እዚያ አትቀመጥ» አለችው። «ፊትህን ማየት አልችልም። እዚህ አጠገቤ ሁን።»

ሄዶ አጠገቧ ተቀመጠ። ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አልፏል። አሁንም ቅዳሜ ቅዳሜ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ፣ ተራቸው ሲደርስ ለሌሎቹ ይናገራሉ፤ እርስ በርሳቸው ግን ከዚያ ቀን ወዲህ ቃል ተለዋውጠው አያውቁም። አንዳንዴ አስካለች ስታለቅስ አግዳሚው ይንቀጠቀጣል፤ ረጋሳም እስክታበቃ ድረስ ሳይንቀሳቀስ ይቆያል።