ዘጠኝ ቀን የጣፈጠ ውኃ

ይህን ጽሑፍ ሳልጽፈው ልቀር ምንም አልቀረኝም ነበር። ሁለት ጊዜ ጀምሬ ቀድጄዋለሁ፤ ከመጽሐፍ በቀር ብዙ ያላየ እንደ እኔ ያለ ተማሪ የሰውን ኀዘን መተረኩ ድፍረት መስሎ ታይቶኝ ነበር። ዝም ማለቱ ግን የኦይታን ስሕተት መድገም ሆነብኝ።

ኦይታ በአርባ ምንጭ አቅራቢያ፣ ከላንቴ ማዶ ባለች ሙዝ አብቃይ መንደር የውኃ ፓምፕ ኦፕሬተር ነበር። ዐሥራ ዘጠኝ ዓመት ሙሉ በየማለዳው ሞተሩን ያስነሣል፤ ክሎሪን በጥብጦ መጨመሪያውን መሣሪያ ይሞላል፤ ከዚያም መዝገቡን ገልጦ «ብልሽት» ከሚለው ዓምድ ሥር «ሰላም» ብሎ ይፈርማል። በአገሩ የታመመ ሰው እንኳ «እንዴት ነህ?» ሲባል በመጀመሪያ «ሰላም» ይላል፤ ችግሩ የሚነገረው ኋላ ነው። መዝገቡም የሚሞላው በዚሁ ልማድ ነበር።

ቦኖው ዘንድ ውኃ ለመቅዳት የሚሰለፉት ሴቶች ያሾፉበታል። ከሁሉም የሚብሱት ጎረቤቱ እማማ ሻሺቱ ነበሩ።

«ኦይታ፣ ዛሬም ሐኪም ቤቱን ጨመርክበት?» ይሉታል ጀሪካናቸውን እያሸተቱ።

«መድኃኒት ነው፣ እማማ።»

«አልታመምኩማ! ለታመመ ስጠው!»

በሚያዝያ ዝናቡ በበረታ ሰሞን የክሎሪን መጨመሪያው ቆመ። ኦይታ ቢፈታው በውስጡ ያለው ስስ ጎማ ተቀድዷል። በእጁ ሊጨምር አሰበ፤ ነገር ግን መጠኑን የሚለካበት ስላልነበረው አብዝቼ ሰው እጎዳለሁ ብሎ ፈራ። አዲሱ መመሪያ ማንኛውም ብልሽት በአንድ ቀን ውስጥ በጽሑፍ በአርባ ምንጭ ሴቻ ሰፈር ላለው የዞኑ ጽሕፈት ቤት እንዲደርስ ያዝዛል። ስለዚህ ጽፎ ክብሩ ለተባለው የመንደሩ የውኃ አገልግሎት ኃላፊ አቀረበ።

ክብሩ ወረቀቱን አንብቦ አራት ቦታ አጠፈው።

«ጋሽ ኦይታ፣ እባክዎ አያዋርዱኝ። ባለፈው ሩብ ዓመት አዲሱን መመሪያ አምነን ሦስት ብልሽት በሐቅ ጻፍን፤ በዞኑ ስብሰባ ላይ የመጨረሻ ተባልን። ምንም ላልጻፉት ተጨበጨበላቸው።»

«ውኃው እኮ ያለ ክሎሪን ነው የሚሄደው።»

«ጎማውን እኔ ከከተማ አስፈልጌ አስመጣለሁ። ሁለት ቀን ብቻ ይስጡኝ። እስከዚያ እንደ ልማድዎ ይጻፉ።»

ኦይታ ሰው አክባሪ ነበር፤ ኃላፊውን ማሳፈር ከበደው። «ሰላም» ብሎ ጻፈ። ሁለቱ ቀን አራት፣ አራቱም ስድስት ሆነ። ጎማው አልመጣም።

በስድስተኛው ቀን እማማ ሻሺቱ ቦኖው ዘንድ እጁን ያዙት።

«ልጄ፣ ተባረክ! ለካ ትሰማናለህ! ውኃህ ጣፈጠ እኮ!»

ወረፋው ሁሉ እየሣቀ አጨበጨበ፤ አንዷም ሙዝ አስታቀፈችው። ኦይታ እውነቱን ሊነግራቸው አፉን ከፈተ፤ ነገር ግን «አሜን» ብቻ ብሎ ሙዙን ይዞ ሄደ። ያን ሙዝ አልበላውም፤ ፓምፑ ቤት ውስጥ ጠቁሮ እስኪበሰብስ ድረስ ሲያየው ሰነበተ።

በዘጠነኛው ቀን ዐሥራ አንድ ሰው በተቅማጥ ወደቀ። እማማ ሻሺቱ ብሶባቸው ወደ አርባ ምንጭ ሆስፒታል ተወሰዱ። ኦይታ ሊጠይቃቸው ሲገባ ዐይናቸው ጎድጉዶ፣ ከንፈራቸው ደርቆ አገኛቸው።

«የዚህ ቤት ውኃ ይሸታል፤» አሉት በቀስታ። «ምነው ከዚያ ከጣፋጩ ውኃህ ይዘህልኝ በመጣህ።»

በማግሥቱ መዝገቡን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በሚኒባስ ወደ ሴቻ ወጣ። መንገድ ላይ መዝገቡን ጉልበቱ ላይ ዘርግቶ ዘጠኙን «ሰላም» አንድ በአንድ ሰረዘ፤ በየጎናቸውም «መሣሪያው ቆሟል፤ ውኃው ክሎሪን የለውም» ብሎ ጽፎ ፈረመ።

«ጋሼ፣ ይህ የሆነው መቼ ነው?» አለችው መዝገቡን የተቀበለችው ሠራተኛ።

«ዛሬ ዐሥረኛ ቀኑ ነው።»

ልጅቱ ልትመታ ያነሣችውን ማኅተም አስቀምጣ ስልክ አነሣች። ጎማው በዚያው ቀን ከሰዓት በኋላ መንደሩ ደረሰ። ለካ እዚያው ሴቻ፣ ከጽሕፈት ቤቱ ጀርባ ባለው መጋዘን ውስጥ ተቀምጦ ኖሯል።

እማማ ሻሺቱ ቅዳሜ ዐረፉ። ኦይታ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ተነሥቶ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሁሉንም ተናገረ። ማንም አልሰደበውም። ክብሩ ወደ ሌላ ወረዳ ተዛወረ፤ ኦይታም ከሥራው ተሰናበተ። ዛሬ የሰው ሙዝ ይጠብቃል። ከቦኖው ሲቀዳ ጀሪካኑን ወደ አፍንጫው አስጠግቶ ያሸታል፤ ክሎሪኑ ሲሸተው ብቻ ይጠጣል።

ይቅርታ ይገባው እንደሆነ ልፈርድ አልችልም። ብልሽትን በዕለቱ የሚጽፍ ኦፕሬተር ግን ሊዋረድ አይገባም፤ ጽሑፉ በዕለቱ ሊነበብለት፣ ዕቃውም በዕለቱ ሊላክለት ይገባል።