ዕጩ የነበርኩበት በጋ

ለወረዳ ምክር ቤት የተወዳደርኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። የዛሬ ተማሪዎቼ ይህን ሲሰሙ አያምኑም፤ «ቲቸር፣ እውነት ፖለቲከኛ ነበሩ እንዴ?» ብለው ይስቃሉ። ፖለቲከኛ አልነበርኩም። መተማ ውስጥ የአማርኛ አስተማሪ ነበርኩ፤ አሁንም ነኝ።

ነገሩ የጀመረው በጥቅምት ነው። እኛ አገር በጥቅምት ትምህርት ቤቱ ይራቆታል። ሰሊጥ ከደረሰ በኋላ ቀን አይሰጥም፤ ጥቂት ከዘገየ ፍሬው ተከፍቶ መሬት ላይ ይረግፋል። ስለዚህ ማጭድ መያዝ የሚችል ሁሉ ወደ እርሻ ይወጣል። ከጎጃምና ከወሎ የሚመጡት የጉልበት ሠራተኞች ብቻቸውን አይበቁም፤ የእኔ ተማሪዎችም ይሄዳሉ። ያን ዓመት ሰባተኛ ክፍል ገብቼ ስም ስጠራ ከጥቂቶቹ በቀር «አቤት» የሚለኝ አጣሁ። ጠርቼ ጠርቼ ደብተሬን ዘጋሁና የቀሩትን ልጆች ተረት እንዲያወሩልኝ አደረግሁ።

በወላጆች ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። «ልጆቹን አልወቅስም፤ እናንተንም አልወቅስም» አልኩ። «ሰሊጡ አይጠብቅም፤ እሺ። ትምህርት ቤቱስ ለምን አይጠብቃቸውም? ከአጨዳ ሲመለሱ ያመለጣቸውን የሚያስተምራቸው ማነው?»

ከተሰበሰቡት መካከል መናኸሪያው በር ላይ ቀዝቃዛ የከርከዴ መጠጥ የምትሸጥ እናት ነበረች። የሁለት ተማሪዎቼ እናት ናት። ነጠላዋን እያስተካከለች ተነሳችና «አንቺ ልጅ፣ ይህን ለእኛ ከምትነግሪን ለሚወስኑት ሰዎች ብትነግሪያቸው አይሻልም? ምክር ቤት ግቢና ንገሪልን» አለች። ሁሉም ሳቀ፤ እኔም ሳቅሁ። በጥር ግን ያችው ሴትዮ የድጋፍ ፊርማ የሞላበት ወረቀት ይዛ ቤቴ መጣች። እምቢ ለማለት አፈርኩ።

መጀመሪያ የሄድኩት የስፖርት መምህሬ ዘንድ ነው። ያን ጊዜ ጡረታ ወጥተው ከትምህርት ቤቱ ጀርባ ብቻቸውን ይኖሩ ነበር። ከወሎ ለአንድ ዓመት ተመድበው መጥተው ዕድሜያቸውን እዚህ ሙቀት ውስጥ የጨረሱ ሰው ናቸው። እኛን ሴቶቹን መረብ ኳስ ያስተማሩን እሳቸው ናቸው። መረብ ስላልነበረን የጆንያ ገመድ እየፈቱ ራሳቸው ሠሩልን። እናቶቻችን ቁምጣ አታስለብሱብን ብለው ሲያስቸግሯቸው «ታዲያ በቀሚስ ይጫወታሉ፤ ኳሷ አታውቅም» ብለው አሳመኗቸው። ከመንገዱ ዳር ባለው ሜዳ ላይ ፀሐይዋ ዘቅዘቅ ስትል ጀምረን ጨልሞ ኳሷ እስክትጠፋን ድረስ እንጫወት ነበር። ከእርሻ የሚመለሱ ትራክተሮች ሳይቀሩ ቆመው ያዩን ነበር።

አንድ ጊዜ ለውድድር ጎንደር ወሰዱን። የሄድነው ሰሊጥ የጫነ አይሱዙ ላይ፣ ጆንያው አናት ላይ ተቀምጠን ነው። እውነተኛ መረብ ያየሁት ያን ዕለት ነው። በመጀመሪያው ጨዋታ ተሸነፍን፤ ግን ከሽንፈቱ ይልቅ የማስታውሰው ብርዱን ነው። የቆላ ልጆች ነንና ጥርሳችን ተንገጫገጨ። እሳቸው አንዲት ጃኬታቸውን አውልቀው በተራ በተራ አለበሱን፤ ራሳቸው በሸሚዝ ቀርተው «እኔ ደጋ ነው ያደግሁት» እያሉ ሲንቀጠቀጡ ዋሉ።

ለእኚህ ሰው ነው እንግዲህ የምወዳደርበትን ዓላማ የጻፍኩበትን ወረቀት ያሳየሁት። ከሣርና ከእንጨት በሠሩት ራኩባ ጥላ ሥር ተቀምጠው መነጽራቸውን አደረጉ።

«ስንት ነገር ነው የጻፍሽው?»

«አራት፣ ጋሼ። ትምህርት፣ ስፖርት፣ ባህልና ወጣቶች።»

«ይሄ እኮ አራት ስም ነው። ምን ልታደርጊ ነው?»

ወረቀቱን ገልብጠው ባዶውን ገጽ ሰጡኝ። ሦስት ቀን እየተመላለስኩ ጻፍኩ፤ እሳቸው ይሰርዛሉ፣ እኔ እበሳጫለሁ፣ ደግሞ እጽፋለሁ። በመጨረሻ እንዲህ ሆነ፦ ከአጨዳ ለሚመለሱ ልጆች ከኅዳር ጀምሮ ቅዳሜ ቅዳሜ ማካካሻ ትምህርት ይሰጥ። የመንገድ ዳሩ ሜዳ ለመጋዘን አይሰጥ። ለትምህርት ቤቱ የኪነት ክበብ ከበሮና ማሲንቆ ይገዛ፤ የጉሙዝ ልጆችም የራሳቸውን ዘፈን በራሳቸው ቋንቋ መድረክ ላይ ያቅርቡ። ትምህርት ያቋረጡ ወጣቶች ሥራ ፍለጋ ድንበር ከመሻገራቸው በፊት እዚሁ የትራክተር ጥገና የሚማሩበት ቦታ ይኑር።

«አሁን ሰው ይጠይቅሻል» አሉኝ። «ስም ብቻ ብትጽፊ ኖሮ አጨብጭቦ ይሄድ ነበር።»

ተፎካካሪዬ የሰሊጥ ነጋዴ ነበር። በትምህርት ቤት ሁለት ክፍል ይቀድመኝ ነበር፤ የወንዶቹ ቡድን ኃይለኛ መቺ ነበር። እሱንም ያሠለጠኑት እሳቸው ናቸው። መጥፎ ሰው አልነበረም፤ ዝናብ ሲዘገይ ለጎረቤት እህል የሚያበድር፣ ለታመመ መኪናውን የሚሰጥ ሰው ነው። ሜዳውን ለመጋዘን የሚፈልገው ግን እሱ ነበር። መምህሬ ጠዋት ከእኔ ጋር የንግግሬን ወረቀት ሲያርሙ ያረፍዱና ማታ ከሱ ሱቅ በር ላይ ሻይ ሲጠጡ አያቸዋለሁ። አንድ ቀን መታገሥ አልቻልኩም።

«ጋሼ፣ እርስዎ የማን ነዎት?»

«የማን ልሁን? እሱም ልጄ ነው፣ አንቺም ልጄ ነሽ» አሉና ወደ ወረቀቱ ተመለሱ። አኩርፌ ቤቴ ገባሁ። በማግሥቱ ራሳቸው መጥተው «አብሽሪ፣ ነይ ወረቀቱን እንጨርስ» አሉኝ፤ ተነስቼ ተከተልኳቸው።

የምርጫ ምልክት ስንመርጥ መጽሐፍ ፈልጌ ነበር፤ ሌላ ሰው ቀድሞኝ ስለወሰደው እንስራ ደረሰኝ። ከዚያ በኋላ መከራዬን አየሁ። ባጃጅ ላይ ሞንታርቦ ሰቅለን በየሰፈሩ ስለ ትምህርት ስንለፍፍ ሴቶቹ የያዝኩትን ሥዕል አይተው «ውሃው መቼ ነው የሚመጣው?» ይሉኛል። በሚያዝያ ሙቀት ጄሪካን ተሸክሞ ለሚውል ሰው እንስራ አሳይቼ ስለ ማሲንቆ ማውራቴ ለራሴም ያሳፍረኝ ጀመር።

የመጨረሻው ስብሰባ ትምህርት ቤቱ ግቢ ውስጥ፣ ከትልቁ ኒም ዛፍ ሥር ነበር። ሁለታችንም ተናገርን። ከዚያ ያቺ ከርከዴ ሻጯ ተነሳች።

«እንስራሽ ባዶ ነው ወይስ ውሃ አለው?» አለችኝ።

ውሃ አለው ልል ዳድቶኝ ነበር። መምህሬ ከፊት ወንበር ላይ ተቀምጠው ያዩኛል። «ምልክት ብቻ ነው» አልኩ። «ውሃ እጠይቃለሁ፣ እጮሃለሁ፤ አመጣለሁ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። በእርግጠኝነት አውቀዋለሁ የምለው የልጆቻችሁን ነገር ነው።» አንዳንዱ አጉረመረመ። ነጋዴው በተራው የውሃ ፓምፕ እንደሚያስተክል ተናገረ፤ ሞቅ ያለ ጭብጨባ ተነሳ።

ያን ጊዜ መምህሬ ምርኩዛቸውን ይዘው ቆሙ። «እኔ አንድ ጥያቄ አለኝ» አሉት። «ሜዳው ላይ መጋዘን ትሠራለህ አትሠራም?»

ነጋዴው ባርኔጣውን አወለቀ። «እሠራለሁ፣ ጋሼ። እርስዎን አልዋሽም። ለመኪና የሚመች ቦታ እሱ ብቻ ነው። ለልጆቹ ሌላ ሜዳ እፈልጋለሁ።»

«ጥሩ» አሉ። «ሁለታችሁም አልዋሻችሁም። ሌላ አልፈልግም።» ተቀመጡ።

ምርጫው በግንቦት፣ የመጀመሪያው ዝናብ መሬቱን ባረሰረሰ ማግሥት ሆነ። መምህሬ ከማለዳ ጀምረው ሲሰለፉ አየኋቸው፤ ለማን ድምፃቸውን እንደሰጡ እስከ ዛሬ አልጠየቅኋቸውም። ውጤቱ ጣቢያው በር ላይ ተለጥፎ አነበብኩት። ተሸንፌያለሁ። በብዙ ድምፅ አልነበረም፤ ግን ተሸንፌያለሁ። መናኸሪያው ጋ ስደርስ ሴትዮዋ ሳትጠይቀኝ ከርከዴ ቀዳችልኝ። «እኔ ለአንቺ ነው የሰጠሁት» አለችኝ፤ «እህቴ ግን ለውሃው ሰጠች። አትቀየሚያት።» ቆሜ ጠጣሁና አለቀስኩ።

ያሸነፈው ነጋዴ ትምህርት ቤት የመጣው በክረምቱ መግቢያ ላይ ነው። ወረቀቴን እንድሰጠው ጠየቀኝ። የመምህራን ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ቀስ ብሎ አነበበው። «ይህን የቅዳሜውን ነገር አስረጂኝ» አለኝ። አስረዳሁት። በኅዳር ማካካሻው ተጀመረ፤ እጃቸው በማጭድ የሻከረ ልጆች ቅዳሜ ጠዋት ክፍሌን ሞሉት። መጋዘኑም በዚያው ዓመት ተሠራ። ሌላው ሜዳ የተሰጠን ራቅ ብሎ ነው፤ በክረምት ጭቃው ስለሚውጠው ማንም አይጫወትበትም። የትራክተር ጥገናው ነገር ወረቀት ላይ ቀረ። ውሃው ዘግይቶ መጣ፤ ይጠፋል፣ ይመጣል። የኪነት ክበቡን ማንንም ሳልጠብቅ እኔው ጀመርኩት፤ ከበሮ እስኪገዛ የዘይት ጄሪካን እየመታን።

መምህሬ እየደከሙ ሲሄዱ ልጃቸው ከደሴ መጥታ ልትወስዳቸው ሆነ። ነጋዴው በፒክአፑ እስከ ገንዳ ውሃ ከተማ መናኸሪያ አደረሰን። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ በመስኮቱ እጃቸውን አውጥተው ሁለታችንንም ያዙን። «አትጣሉ» አሉ፤ «ከተጣላችሁም ፊት ለፊት ይሁን።» ሌላ ነገር ሊሉ ነበር፤ የረዳቱ ጩኸት ዋጠው።

ስንመለስ በግራም በቀኝም ገና ያልታጨደ ሰሊጥ ነው። አንድ ቦታ ላይ ፍጥነቱን ቀንሶ «ጎንደር በሄዳችሁ ጊዜ ጃኬቱን መጀመሪያ የለበሰው ማን ነበር?» አለኝ።

«እኔ ነኝ» አልኩት፤ «በጣም ያለቀስኩት እኔ ነበርኩ።»

ሳቀና ነዳው።