በውሰት የሄደችው ድመት

መንግሥት ከተለወጠ ወዲህ፣ አዲስ ተመራቂ አስተማሪዎች ዕጣ እያወጣን በምንመደብበት ጊዜ፣ ለእኔ መሐል ሜዳ ደረሰኝ። እንደ ዓለም ከተማ ባለ የቆላ ከተማ ሙቀት ውስጥ ላደገች ሴት የመንዝ ብርድ ቅጣት ነው። አንዲት ባልቴት ግቢ ውስጥ ክፍል ተከራየሁ። ዘመድ የለኝ፣ ጓደኛ የለኝ፤ የነበረችኝ የአከራዬ ግራጫ ድመት ናት። ሲመሽ በበሩ ሥር ሹልክ ብላ ትገባና እግሬ ላይ ትተኛለች።

በዚያው ሰሞን ከትምህርት ቤቱ ቤተ መጻሕፍት አንድ ወደ እንግሊዝኛ የተተረጎመ የጃፓን ልብ ወለድ ታሪኮች መድበል አገኘሁ። አንዱ ታሪክ ላይ አንዲት መበለት ለድመቷ ዓሣ ትጠብሳለች። ሌላው ላይ አንድ ጡረተኛ ድመቱ ደጅ ውላ ስትቀርበት እህል አልወርድ ይለዋል። ደስ ብሎኝ ለአከራዬ ነገርኳቸው።

«ዓሣውን በጾም ነው በፍስክ የምትጠብስላት?» አሉኝ።

«እነሱ እኮ እንደኛ አይጾሙም፣ እትዬ።»

«እሱስ ያስታውቃል።»

እሳቸው ሳቁ፤ እኔ ግን በጃፓኖቹ ቀናሁ። እዚያ መጽሐፍ ውስጥ ሰው ከድመቱ ጋር ሲያወራ የሚስቅበት የለም።

ለሥልጠና ደብረ ብርሃን ሰንብቼ ስመለስ ድመቷ የለችም። በመንዝ ድመት እንደ ወንፊት ናት፤ ጎረቤት ከጎረቤት ይዋዋሳታል። የአከራዬ የሟች ባላቸው ወንድም፣ ሚስታቸው ከሞቱ ወዲህ ወደ ጓሳ መውጫ ብቻቸውን የሚኖሩ ሽማግሌ፣ «አይጥ ገብሴን ፈጀብኝ» ብለው መጥተው፣ መንገዱን እንዳታይ ጆንያ ውስጥ ከተው ወስደዋታል።

«ሳይነግሩኝ?» አልኩ፤ ድምፄ ከፍ ብሎ ነበር።

«የማን ድመት ናትና? አይጡ ሲያልቅ ትመለሳለች። ምን አንጨረጨረሽ?»

አንጨረጨረኝ። ክፍሌ ውስጥ መቀመጥ አቃተኝ። በሩ ኮሽ ባለ ቁጥር ብድግ እላለሁ፤ ነፋስ ነው። ተማሪዎቼን ያለ ጥፋታቸው እቆጣለሁ። ገበያ በዋለ ቁጥር ከዚያ በኩል የሚመጡትን ጠብቄ «አይጡ አለቀ ወይ በሉልኝ» ብዬ እልካለሁ። መልሱ ሁልጊዜ «ገና ነው ብለዋል» ነው። የማያልቅ አይጥ አለ እንዴ? ድመቷን ሊያስቀሩብኝ ነው ብዬ በገንኩ። አንድ ቅዳሜ ጆንያ አጣጥፌ በብብቴ ይዤ ወጣሁ።

ስደርስ ከቤቱ ውስጥ ወሬ ይሰማል። «በጓን ልሸጣት ነበር፤ ግን ሟቿ ትወዳት ነበርና እጄ እንቢ አለኝ። አንቺስ ምን ትያለሽ?» ይላሉ ሽማግሌው። ሰው የሆዱን ሲጫወት ዘው ማለት ነውር ነውና፣ እንግዳዋ እስክትወጣ ብዬ አጥሩ ሥር ቆምኩ። ብርዱ አጥንቴ ገባ፤ የሚወጣ ሰው ግን የለም።

«ቤቶች» ብዬ ገባሁ። እንግዳ የለም። ድመቷ ጋቢያቸው ውስጥ ተጠቅልላ ጭንቅላቷ ብቻ ይታያል። አየችኝና መልሳ ዓይኗን ጨፈነች። 

ሽማግሌው ደንግጠው ጋቢውን ሳብ አድርገው ሸፈኗት። «አይጥ ስታሳድድ አድራ አሁን ገና ነው የተኛችው» አሉ፣ ሳልጠይቃቸው።

ጎተራው አጠገቤ ነበር፤ ወደ ውስጥ አየሁ። በልጉ በቀረ ዓመት ነው፤ ከታች ገለባ ላይ ዶሮ ታቅፋለች እንጂ አንድ ፍሬ ገብስ የለበትም። እዚያ ቤት አይጥ የሚበላው ነገር አልነበረም። መንዝ ላይ ሽማግሌ ሰው የወንድሙ ሚስት ዘንድ ሄዶ «የማወራው ሰው አጣሁ» አይልም። አይጥ ይላል።

ተቀመጥኩ፤ ጠላ ቀዱልኝ። ጆንያውን አዩት።

«ልትወስጃት ነው የመጣሽው?»

አዎ ማለት ነበረብኝ። እኔም እኮ ሌላ የለኝም። ሙሉ መንገዱን ስዘጋጅበት የመጣሁት ቁጣ ግን ከአፌ አልወጣ አለ።

«አይጡ አለቀ ወይ ብዬ ነው» አልኩ።

ዓይናቸውን መሬት ላይ ተከሉ። «ገና ነው» አሉ፣ ቀስ ብለው።

«እንግዲያው ትቆይ። አይጥ በአንዴ አያልቅም።»

ጠላውን ጨርሼ፣ ድመቷን ሳልነካት ተነሣሁ። እንባዬን እንዳያዩብኝ ቶሎ ወጣሁ። ከአጥሩ ሳልርቅ ወሬያቸውን ቀጠሉ። ስለ እኔ ነበር የሚነግሯት።