የእትዬ አስካለ ድድ

ባለፈው ወር ፉትስክሬይ በሚባል ሰፈር የጥርስ ሐኪም ወንበር ላይ ተንጋልዬ፣ አፌ ውስጥ የሁለት ሰው ጣትና አንድ ምራቅ የሚመጥ ቱቦ ተሰግስጎ ሳለ፣ ሐኪሟ "ድድሽ ይደማል፤ ታውቂያለሽ?" አለችኝ። አፉን በግድ የተከፈተ ሰው ምን ይመልሳል? "አአአ" አልኳት። የጥርስ ሐኪሞች ጥያቄ የሚጠይቁት ሰው መመለስ በማይችልበት ሰዓት ነው። የት እንደሚማሩት አላውቅም።

ቱቦውን ካወጣችልኝ በኋላ አንድ በአንድ ነገረችኝ። ሰንሻይን ዌስት መጋዘን ውስጥ ሺፍት ስገባ እንቅልፍ እንዳይጥለኝ የምጠጣው ጣፋጭ የጣሳ መጠጥ ሁለት የመንጋጋ ጥርሴን ቦርቡሮታል። ስኳሩ ብቻ አይደለም አለች፤ አንዱን ጣሳ ስምንት ሰዓት ሙሉ ትንሽ ትንሽ እያልኩ ስጎነጭ ጥርሴ ፋታ አያገኝም። ተኝቼ ጥርሴን እንደማፋጭም ከጫፉ መበላት አወቀችብኝ። በማን ተናድጄ እንደማፋጭ ግን አልጠየቀችም። ከዚያ ድዴ ላይ ስትደርስ እንዲህ አለች፦

"ብሩሽ ሲነካው ስለሚደማ ነው የተውሽው፣ አይደል? ብዙ ሰው እንደዚያ ያደርጋል። የሚደማው ግን ስለቦረሽሽው አይደለም፤ ስላልቦረሽሽው ነው። ቢደማም ሳታቋርጪ በቀስታ ቦርሺው። በሁለት ሳምንት ውስጥ ያቆማል።"

ይህን ነገር አውቀዋለሁ። ከዘጠኝ ዓመት በፊት፣ አሥራ ሰባት ዓመቴ ሳለ፣ ቃል በቃል ሰምቼዋለሁ። ያኔ የተነገረው ግን ለእኔ አልነበረም፤ ለሌላ ሰው እንዳደርሰው ነበር የተሰጠኝ። አላደረስኩም።

ያ ሌላ ሰው እትዬ አስካለ ናት፤ የአባቴ ታላቅ እህት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ከአዲስ አበባ አስመጥታ፣ ካርልተን ከሚገኙት የመንግሥት ሕንፃዎች በአንዱ አሥራ አራተኛ ፎቅ ላይ ያሳደገችኝ እሷ ናት። በፊቷ አንቱ፣ በሆዴ አንቺ እላት ነበር። እዚህም የምጽፈው በሆዴ እንደምጠራት ነው፤ የሚከፋው ይክፋው። አሳደገችኝ ስል አበላችኝ፣ አለበሰችኝ ማለቴ ነው። ከዚያ ያለፈ አላየሁም። በስልክ ከጓደኞቿ ጋር ስታወራ ስሜ "ያቺ" ነበር። "ያቺማ ተኝታለች።" "ያቺማ ምን ታደርጋለች፣ መብላት ነው።" እኔም የዋዛ አልነበርኩም። አፌ ስለት ነበረው፤ አሁንም አለው።

እትዬ አስካለ ሻይ የምትጠጣው በአራት ማንኪያ ስኳር ነበር፤ የስኳር በሽታ እንዳለባት ከተነገራት በኋላ ወደ ሦስት አወረደችውና እንደ ትልቅ ተጋድሎ ትቆጥረው ጀመር። ጥርሷን በብሩሽ ነክታ አታውቅም። ፉትስክሬይ ካለው የሐበሻ ሱቅ በርበሬ ስትገዛ አንድ እስር መፋቂያ ትጨምራለች። መፋቂያ ነውር የለውም፤ ጥሩ አድርጎ ለሚፍቅበት ሰው ከብሩሽ አያንስም። እሷ ግን የምትፍቀው እንግዳ የሚያያቸውን የፊት ጥርሶች ብቻ ነበር። ሳሎኗንም የምታጸዳው እንደዚያው ነው።

በጾም ደግሞ እሱም የለም። ቅዳሴ እስኪወጣ ውኃ አፏ አይገባም። "ሳሙና አፌ ውስጥ አገላብጬ ጾምኩ ልበል?" ትል ነበር የጥርስ ሳሙናዬን ባየች ቁጥር። ከሁሉ የባሰው ግን ደሙ ነበር። እሷ ዘንድ ደም የሚፈሰው ሰው አይቆርብም፤ በዚህ አትደራደርም። አሥራ ሦስት ዓመቴ ላይ ለመቁረብ ተሰልፌ ሳለሁ ነስር ሲነስረኝ፣ ነጠላዬን ይዛ ከሰልፉ ጎትታ ያወጣችኝ እሷ ናት። ስለዚህ መፋቂያው ድዷን እየነካ ማድማት ሲጀምር መፋቂያውን ተወችው። ካልተነካ አይደማም፤ ካልደማ ይቆረባል። ሒሳቧ ይኸው ነበር። ማንም አልነገረኝም፤ ነክሳ ያስቀመጠችው ዳቦ ላይ ከማየው ቀይ ነገር ደረስኩበት። እንዲያም ሆኖ ሒሳቡ አልሠራም። ማንቆርቆሪያ ውስጥ ነጩ ነገር እንደሚጋገር ሁሉ በጥርሷ ሥር ቆሻሻው እየተጋገረ፣ ድዷ እያበጠ ሄዶ ሳይነካም መድማት ጀመረ። በየበዓሉ ትቆርብ የነበረችው ሴት ከሰልፉ ወደ ኋላ ቀረች። ለምን እንደሆነ ለማንም አልተናገረችም።

ከዚያ ሽታው መጣ።

እዚህ አገር ዓቢይ ጾም የሚገባው ቅጠል ሲረግፍ ነው። የካርልተን መንገድ በቡናማ ቅጠል ተሸፍኖ፣ ጠዋት ጠዋት ብርዱ አፍንጫ መቆንጠጥ ሲጀምር። ከዚያ ጠዋቶች በአንዱ አብረን ትራም ተሳፈርን። ፊት ለፊታችን ሁለት የሐበሻ ሴቶች ተቀምጠዋል። እትዬ አስካለ ሰው ስታይ እኔን መገሠጽ ደስ ይላታል። ጉልበቱ ጋ የተቀደደ ጂንስ ለብሻለሁ።

"ጉልበትሽን ለማን ነው የምታሳዪው? አሳዳጊ የበደላት ልትመስይብኝ ነው?" አለች፣ እነሱ እንዲሰሙ አድርጋ።

"መጀመሪያ አፍዎን ይታጠቡ፤ ይሸታል" አልኳት። እኔም እንዲሰሙ አድርጌ።

ሁለቱ ሴቶች እኩል ወደ መስኮቱ ዞሩ። እትዬ አስካለ ነጠላዋን ቀስ ብላ እስከ አፍንጫዋ ድረስ አነሣችው። ከዚያ ቀን በኋላ እኔ ፊት ዝቅ አላደረገችውም፤ ቤት ውስጥም፣ ወጥ ስትሠራም። ያን ጊዜ ደስ ብሎኝ ነበር። ለምን እዋሻለሁ?

ፋሲካ ሦስት ሳምንት ሲቀረው፣ ለስላሳ ዳቦ ስታኝክ አንድ የፊት ጥርሷ ወለቀ። ጠንካራ ቆሎ እንኳ አይደለም፣ ዳቦ። በመሐረብ ጠቅልላ ይዛ መኝታ ቤቴ በር ላይ ቆመች።

"ሐኪም ቡክ አድርጊልኝ" አለች። "አንቺም ትመጫለሽ።"

"በስልክ አስተርጓሚ ይሰጡዎታል። እኔ ትምህርት አለኝ።"

"ማን እንደሆነች በምን አውቃለሁ? ድምፄን ለይታ እሑድ ቤተ ክርስቲያን 'የአስካለ ጥርስ ረገፈ' ብትልስ? ሰው ፊት ለመሳደብ ጊዜ አላጠረሽም፤ ለዚህም ጊዜ ይኑርሽ።"

ሄድን። ሐኪሙ ድካም ፊቱ ላይ የሚነበብ ወጣት ነበር። በቀጭን ብረት በየጥርሷና በየድዷ መካከል ያለውን ክፍተት እየለካ ለረዳቱ ቁጥር ይጠራል፤ ሦስት፣ ስድስት፣ ሰባት፣ ስምንት። ቁጥሩ ከፍ ባለ ቁጥር አጥንቱ ተበልቷል ማለት እንደሆነ ነገረኝ። ስኳሩ ለድዷ ጠላት እንደሆነ፣ በጾም አፏ ሲደርቅ ጥርሷን የሚያጥብላት ምራቅ እንደሚያንስ፣ ይህንንም ነገረኝ። እስከዚያ ድረስ ሁሉንም በደንብ ተረጎምኩ። ከዚያ በቀን ስንት ጊዜ እንደምትቦርሽ ጠየቀ።

"ጠዋትና ማታ በይው" አለች።

ወደሱ ዞሬ በእንግሊዝኛ፣ "ውሸቷን ነው። ዓመት አልፏታል ከነካችው። እንዳይደማ ብላ ነው" አልኩት።

እትዬ አስካለ ሃያ ዓመት ቢሮ ስታጸዳ የኖረች ሴት ናት። እንግሊዝኛ መናገሩ ቢያቅታትና የሐኪም ቋንቋ ባይገባትም ሲያሟት ትሰማለች። ያየችኝን ዓይን አሁንም አየዋለሁ።

ሐኪሙ አልተቆጣትም። ወንበሩን ወደሷ አስጠግቶ፣ መስታወት አስይዟት፣ ድዷን በጣቱ እያሳየ ቀስ ብሎ ተናገረ። የሚደማው ስለተነካ አይደለም፤ ስላልተነካ ነው። መጀመሪያ ላይ ይደማል፣ አትፍሪ፣ አታቋርጪ። እኛም እናጥብልሻለን። ሁለት ሳምንት ግድም ቢሆነው ደሙ ይቆማል፤ የቀሩት የፊት ጥርሶችሽም ይተርፋሉ። ከዚያ ወደኔ ዞሮ፣ "ይህን በደንብ ንገሪልኝ፤ ዋናው ይሄ ነው" አለ።

"ምን አለ?" አለች እትዬ አስካለ።

አልገባኝም ነበር ማለት አልችልም። ገብቶኛል። ሁለት ሳምንት ሲል ወዲያው በሆዴ ቆጥሬ፣ ለፋሲካ ቁርባን እንደምትደርስ አውቄያለሁ። ከሐኪሙም ከሷም ይልቅ እኔ ነበርኩ የነገሩን ክብደት የማውቀው፤ እሱ ስለ ቁርባኑ አያውቅ፣ እሷ ስለ ድዷ አታውቅ። ልናገር አፌን ስከፍት ግን ቀደመችኝ።

"ደሞ ምን ቀባጠርሽበት? ምን ጨምረሽ ነው ይህን ሁሉ የሚለፈልፈው?"

"ጥርስዎን ይቦርሹ አለ" አልኩ።

"ይህን ሁሉ አውርቶ?"

"አዎ።"

ብትንቀው ኖሮ ይሻለኝ ነበር። አልናቀችውም። ያን ቀን ወደ ቤት ስንመለስ ጠንካራ ብሩሽ ገዛች። በማግስቱ ከቅዳሴ መልስ ከመታጠቢያ ቤት በር ጀርባ ስትፈትግ ሰማኋት፤ ድስት እንደሚፈትግ ሰው። ከዚያ ተፋች። ከዚያ ውኃው ለረጅም ጊዜ ፈሰሰ። በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ቀን እንደዚያው። በአራተኛው ቀን ብሩሹን ቆሻሻ መጣያው ውስጥ አገኘሁት፤ ጠጉሩ ቀልቷል።

"ሐኪምሽ አቆሰለኝ" አለች፣ ምስር ወጥ እያማሰለች፣ ነጠላው አፏ ላይ እንዳለ። "እንኳን ሊያድነኝ የባሰውን ጨመረልኝ።"

"የንስሐ አባትዎን ለምን አይጠይቁም? ምናልባት እየደማም ቢሆን መቁረብ ይፈቅዱልዎታል።"

"ለቄስ የአፌን ግማት ልንገር?"

ዋናውን ያኔም መናገር እችል ነበር። ወጥ ቤት ቆሜ፣ ሙዝ እየላጥኩ፣ በአንድ ትንፋሽ የሚያልቅ ነገር። "እኔ ምን ላድርግ ታዲያ" ብዬ ሙዜን ይዤ ወጣሁ። ለእጥበት የተሰጣትን ቀጠሮ ካንስል አድርጊ አለችኝ፤ አደረግኩ።

ፋሲካ ዕለት ሳትቆርብ መጣች። ዶሮ ወጡ በላዩ ቅቤ ተንሳፍፎበት ቀረበ። እትዬ አስካለ እንጀራውን በመረቁ እያራሰች ከነጠላዋ ሥር መጠጠች፤ ሥጋውን ወደኔ ገፋችው። እኔም በላሁት።

በዓመቱ ለቅቄ ወጣሁ። ጥርሶቿ በየተራ እየወለቁ፣ ሐኪሙ ካያት በአራተኛው ዓመት የቀሩትን አስነቅላ ሰው ሠራሽ ጥርስ እንዳስገባች ከሰው ሰማሁ። ለበዓል እሄዳለሁ። ሰላም ተባብለን፣ ቴሌቪዥን ስናይ ቆይተን እወጣለሁ።

ባለፈው ወር ሐኪሟ ካየችኝ በሁለተኛው ቀን፣ ቅዳሜ፣ በዓል ሳይሆን ካርልተን ሄድኩ። ሊፍቱ እንደ ድሮው የሰው ሁሉ ወጥ ይሸታል። ነጠላዋ እንደ ድሮው አፏ ላይ እንዳለ በሩን ከፍታ ከእግር እስከ ራሴ አየችኝ።

"ምን ጎደለብሽ?"

"ሐኪም ቤት ሄጄ ነበር። ለጥርስ።"

"እሰይ" አለች፤ ተቀመጠች። "ምን ሆነሽ?"

"ድዴ ይደማል።"

"እና ምን አለሽ ሐኪሙ?"

መልሴን ሳትጠብቅ፣ "ተርጉሚ እንጂ። ሥራሽ አልነበር?" አለች።

ተረጎምኩላት። ሳላስቀር፣ ሳልጨምር፣ ከዘጠኝ ዓመት በፊት መተርጎም በነበረብኝ መንገድ። ስጨርስ የምታየው እኔን ሳይሆን መስኮቱን ነበር።

"ያ ሐኪም ልጅም ይህንኑ ነበር ያለው?"

"አዎ።"

"ለፋሲካው ይደርስ ነበር?"

"ይደርስ ነበር።"

ነጠላዋን ዝቅ አድርጋ እጇን ወደ አፏ ሰደደች። የላዩንም የታቹንም ጥርስ አውጥታ በሻይ ሰሐኑ ላይ አስቀመጠችው። ጉንጯ ወደ ውስጥ ገባ፤ አሮጊት ሆነች። ነጠላዋን መልሳ አላነሣችም። ከትራሙ ቀን ወዲህ፣ ከሐኪሙ ወንበር በቀር፣ አፏን ሳይሸፈን ያየሁት ያኔ ነው።

"አየሽ? አሁን አይደማም" አለች። ቃሉ ያለ ጥርስ እየተንሸራተተ ይወጣል። "ጥርሱ ሲያልቅ ደሙም አለቀ። አሁን በየበዓሉ እቆርባለሁ። ያን አራት ፋሲካ ግን ሌላው ሲቆርብ ከኋላ ቆሜ ነው ያየሁት።"

"እትዬ፣ ይቅር—"

"እሱን ለንስሐ አባትሽ። እኔ ቄስ አይደለሁም።" ጥርሷን መልሳ አስገባች፤ መንጋጋዋን ሁለት ጊዜ አጋጭታ አስተካከለችው። "በይ ሂጂ። ጥርስሽን ቦርሺ።"

ሻይ አላቀረበችልኝም። እኔም አልጠበቅኩም።

ሰው ሲያወራ እንዲህ ያለ ነገር በመተቃቀፍ ያልቃል። እኛ ቤት አያልቅም። አልወደድኳትም፤ "ያቺ" ያለችኝንም ሁሉ አልረሳሁም። እሷም ይቅር አላለችኝም፤ ማለትም የለባትም። ያኔ ከሐኪሙ የተቀበልኩላት ነገር ግን የኔ ጥላቻ የሚነካው አልነበረም፤ የሷ ነበር፤ ለሷ የተላከ። ልጅ ስለነበርኩ ነው እንዳልል፣ አሥራ ሰባት ዓመት ሁለት ሳምንት ለመቁጠር ይበቃል።

ከዚያ ቅዳሜ ጀምሮ ሐኪሟ እንዳለችኝ በለስላሳ ብሩሽ፣ በቀስታ፣ ጠዋትና ማታ እቦርሻለሁ። የመጀመሪያዎቹ ቀናት ያስፈሩ ነበር፤ ገንዳው ቀይ ይሆን ነበር። እኔ ግን እንዳላቋርጥ የነገረኝ ሰው ስለነበረ ቀጠልኩ። በሳምንቱ ሮዝ ሆነ። ዛሬ ጠዋት፣ በአሥራ ሁለተኛው ቀን፣ ስተፋ ነጭ አረፋ ብቻ ወጣ። ውኃውን ሳልከፍት ቆሜ አየሁት።

ለፋሲካው ትደርስ ነበር።